የፔልቲዬ ዘር ሲጣራ

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱን የማስታውሰው ጥንቁቅ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። ከኒው አልባኒ መጋዘን ሺፍቴን ጨርሼ ገብቼ፣ አንዱን ጫማዬን አውልቄ ሌላውን ገና ሳላወልቅ ስልኩ ስለጠራ ነው። ሰው በአንድ እግሩ ጫማ ቆሞ የሰማውን ነገር አይረሳም።

የደወሉት ጋሼ ፈለቀ ናቸው። ጋሼ ፈለቀ ከአየር ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ መኪና ይነዳሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ አንድ ልጃቸውን ትዕግሥትን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። ትዕግሥት ለትምህርት ሞንትሪያል ሄዳ እዚያው ሥራ ይዛ፣ ሉክ ፔልቲዬ የሚባል የኩቤክ ልጅ አግኝታ ልታገባው ትፈልጋለች። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ አብሬያቸው የምኖረው አክስቴ እትዬ አስካለ ያውቃሉ፤ ሞርስ ሮድ ላይ በርበሬ የሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ ያውቃል። ያላወቀው ነገር ቢኖር ጋሼ ፈለቀ ይፈቅዱ እንደሆነ ነው።

«ልጄ፣ ፈረንሳይኛ ትችያለሽ አሉ» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ ትንሽ ትንሽ ነው» አልኩ።

«ትንሽ ትንሽ» ያልኩት ትንሽ ትንሽ ስለሆነ ነው። እንዲያውም ከሁለቱ «ትንሽ» አንዱ የተጋነነ ነው። ግን እኛ ዘንድ እውነት እንዲህ በቀላሉ አይነገርም። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት የገዛ ሰው «መጠጊያ ቢጤ አገኘን» ይላል። ጠረጴዛው በምግብ ብዛት ሊሰበር የደረሰባት ሴት «ምንም የለም፣ እንዲሁ ቅመሱ» ትላለች። እንግዲህ በዚህ ሒሳብ «ትንሽ ትንሽ» የምትል ልጅ ፕሮፌሰር ናት ማለት ነው። «አዎ፣ አንደኛ ነኝ!» ብዬ ደረቴን ብነፋ ኖሮ ጉረኛ ናት፣ ምንም አታውቅም ብለው ይተዉኝ ነበር። መዳኛዬ ጉራ ነበር። እኔ ደግሞ ለጉራ አልተፈጠርኩም፤ ሱቅ ውስጥ መልስ ሲያጎድሉብኝ ራሴ ይቅርታ ጠይቄ የምወጣ ሰው ነኝ።

«ትሁት!» አሉ ጋሼ ፈለቀ በረካ ድምፅ። «ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት እኔ ቤት ነይ። የምትተረጉሚልን አንድ ፊልም አለ።»

ፈረንሳይኛ የተማርኩት ፈልጌ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የመረጥኩት ሕግ ነበር፤ ሁለተኛ ምርጫዬ ማኔጅመንት፣ ሦስተኛው ሶሲዮሎጂ። የደረሰኝ ፈረንሳይኛ ነው። ምደባ ማለት እንዲህ ነው፤ ሳትጠይቀው ያገባሃል፣ ከዚያ ትለምደዋለህ ይሉሃል። የተማርኩበት ዘመን ሁሉ በካሴት ውስጥ «ጣቢያው የት ነው?» እያለ የሚጠይቅ አንድ ሰውዬ ስሰማ አለፈ። ሰውዬው ጣቢያውን ያግኘው አያግኘው እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ግን ተመርቄ፣ ኦሃዮ መጥቼ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስካን አደርጋለሁ። አንዳንዶቹ ካርቶኖች ላይ «በጥንቃቄ ይያዝ» የሚለው በፈረንሳይኛም ተጽፏል። እሱን አነባለሁ። የቋንቋ ሕይወቴ ይኸው ነው።

የፊልሙን ነገር ያስረዱኝ እትዬ አስካለ ናቸው። እትዬ አስካለ የማያውቁት የሰው ጉዳይ ካለ ጉዳዩ ራሱ ገና አልተፈጠረም።

ልጅ ሲጠየቅ ወግ አለው። የልጅቷ ወገን ሽማግሌ ልኮ የልጁን ዘር ያጣራል፤ ማን ወለደው፣ አያቱ ማን ነበር፣ በምን ይተዳደሩ ነበር፣ ከጎረቤት ጋር እንዴት ናቸው። ያለንበት የኮለምበስ ከተማ ሐበሻ ይህን ወግ በስልክ አድርጎታል። ሲያትል ይደወላል፣ ሲያትል ዴንቨር ይደውላል፣ ዴንቨር «ቆይ ዳላስ አንድ የሠፈራቸው ሰው አለ» ይላል፤ ከእራት በፊት የልጁ ቅድመ አያት በማን መሬት ላይ በሬ እንደለቀቀና በምን እንደታረቀ ይታወቃል። ለፔልቲዬ ግን የሚደወልለት ዳላስ የለም። ቶሮንቶ ያለ አንድ ዘመድ ተጠይቆ «ኩቤክ? እነሱ ሌላ ናቸው» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ሰው እንዳይላክ ድንበሩ በኮቪድ ተዘግቷል። ነገሩ በዚህ ተይዞ ሳለ፣ ትዕግሥት «አባዬ ስለ ወገኖችህ ይጠይቃል» ብትለው ሉክ በደስታ አንድ ሊንክ ላከ። ሊንኩ የድሮ ጥቁርና ነጭ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ስለ አገሩ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ፋብሪካው፣ ስለ ባህሉ። «አያቴም ውስጡ አለ» አለ። የትኛው እንደሆነ አላለም። ፈረንጅ መቼም ዋናውን ነገር ትቶ ነው የሚያወራው።

«ታዲያ ትዕግሥት ራሷ ለምን አትተረጉምላቸውም? እሷ ፈረንሳይኛውን ስትኖርበት ነው የከረመችው» አልኩ።

«ጉድ! ሙሽራ ለሙሽራ ትመስክር?» አሉ እትዬ አስካለ። «ጋሼ ንጉሤ ይህን ቢሰሙ ስቀው አይጨርሱም።»

ጋሼ ንጉሤን ሳላስተዋውቃችሁ ማለፍ አይቻልም፤ ማንም ሳያስተዋውቃቸው አያልፍም። ሞርስ ሮድ ላይ ጋራዥ አላቸው። ጋሼ ፈለቀ ከስደተኛ ካምፕ ወጥተው እዚህ ሲደርሱ አየር ማረፊያ የተቀበሏቸው፣ የመጀመሪያውን ካፖርት ያለበሷቸው፣ መንጃ ፈቃድ ያስወጧቸው እሳቸው ናቸው። ከዚያ በላይ ደግሞ የዘር ጉዳይ ሊቅ ናቸው። ጋሼ ፈለቀ ያለ እሳቸው ቃል ልጅ አይድሩም። ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለትዕግሥት ቪዲዮ ኮል አድርገው መልሳቸውን ሊሰጧት ቃል ገብተዋል። እሷ ደግሞ «ካለ አባዬ ፈቃድ አላገባም» ብላለች፤ ሞንትሪያል ሆና፣ በዚህ ዘመን።

ዓርብ ዕለት በሥራ ቦታ ስልኬ ነዘረ። ትዕግሥት ናት። «እህቴ፣ ሁሉ ነገር በአንቺ እጅ ነው። አደራ።»

ከዚያ በኋላ ስካን ያደረግኳቸው ካርቶኖች የት እንደደረሱ እግዚአብሔር ይወቅ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ጋሼ ፈለቀ ቤት ተሰበሰብን። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ቆሎና ሻይ ቀርቧል። በክርን ተሳለምን፣ ማስኩን አገጫችን ላይ አወረድን፣ ተራርቀን ተቀመጥን፤ ከዚያ ቆሎው አንድ ሳህን ላይ ስለነበር ተጠጋጋን። ጋሼ ንጉሤ ለፍርድ እንደሚቀመጥ ሰው መሐል ሶፋው ላይ ተዘረጉ። እትዬ አስካለ በቀኛቸው። ጋሼ ፈለቀ ጥግ ባለችው ወንበር። እኔ ላፕቶፔን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ ከጋሼ ፈለቀ በስተግራ ቆምኩ። «ተቀመጪ» ያለኝ የለም፤ አስተርጓሚ ይቆማል ብለው ይሁን፣ ረስተውኝ ይሁን አላወቅኩም።

«መጀመሪያ አንድ ነገር ልናገር» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፤ ደገምኩት። «እኔ የተማርኩት የፈረንሳይን ፈረንሳይኛ ነው። የኩቤኩ ይለያል። ብዙውን ላልረዳው እችላለሁ።»

ጋሼ ንጉሤ ወደ እትዬ አስካለ ዞሩ። «አየሻት? እውቀት ያለው ሰው እንዲህ ነው። ባዶ ጣሳ ነው የሚንኳኳው።»

«አስተዳደጓ ነው» አሉ እትዬ አስካለ፤ ያሳደጉኝ እሳቸው እንዳልሆኑ እየረሱ።

ፊልሙ ተጀመረ። ሙዚቃው ነጎድጓድ ነው። ከሙዚቃው ሥር አንድ ሰውዬ በአፍንጫው እየተረከ፣ ከሰውዬው ሥር ደግሞ ውሃ ይጮኻል። የካሴቱ ሰውዬ ቢያንስ ዝግ ብሎ ነበር ጣቢያውን የሚጠይቀው። ይኼኛው ጣቢያውን አልፎ የሄደ ሰው ነው። ጆሮዬን አቀናሁ። ምንም። ስክሪኑ ላይ ሰፊ ወንዝ፣ በወንዙ ላይ ብዙ ግንድ፣ በግንዱ ላይ እየዘለሉ የሚሄዱ ሰዎች።

«ምን አለ?» አሉ ጋሼ ንጉሤ።

«ወንዝ ነው ይላል።»

«ወንዝ መሆኑን ለማወቅማ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።»

«ግንድ… ግንድ በወንዙ ይወርዳል ይላል።»

«እሱንም አየነው!»

«ልጅቷ ያላለውን አትጨምርም» አሉ እትዬ አስካለ ተቆጥተው። «ሌላ ብትሆን ይኼኔ ስንቱን ቀጥላበት ነበር።»

ጋሼ ንጉሤ አሰቡበትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወዲህ ዝም ባልኩ ቁጥር መከበሬ ጨመረ። ግንዱ ፋብሪካ ሲገባ፣ ወጥቶ ወረቀት ሲሆን፣ ወረቀቱ ከቤት በሚበልጥ ጥቅል ሲጠቀለል «ወረቀት» አልኩ፤ አንድም ሰው አልተቃወመኝም። ሃያ ደቂቃ ያህል በዓይኔ እያየሁ በአፌ ተረጎምኩ። እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚከፈልበት ቦታ ካለ ማመልከት እችላለሁ።

ቀጥሎ አንድ ቤተሰብ ደረጃ ላይ ተደርድሮ ታየ። እናት፣ አባት፣ ከታች እስከ ላይ እንደ መሰላል የተሰደሩ ልጆች።

«ይኼ ሁሉ የአንድ ሴት ነው?» አሉ እትዬ አስካለ ሆዳቸውን ይዘው።

«ዘራቸው ብዙ ነው፤ ጥሩ ነው» አሉ ጋሼ ንጉሤ። «ትንሹ ልጅ ጎንበስ ብሎ ቆሟል፤ ሰው ያከብራሉ።»

«ጋሼ፣ ይህ እኮ በጣም የድሮ ፊልም ነው» አልኩ በፍርሃት። «የሉክ አባት ራሱ ያኔ ሕፃን ቢሆን ነው። አሁን እንደዚህ ላይኖሩ ይችላሉ።»

ጋሼ ንጉሤ እያዘኑልኝ አዩኝ። «ልጄ፣ ዘር የሚጣራው ከድሮ ነው እንጂ ከትናንት ነው?»

ወደ ስክሪኑ ተመለስኩ።

ከዚያ ሰልፍ መጣ። ቄሶች ካባ ለብሰው፣ ከበላያቸው በአራት እንጨት የተያዘ ጃንጥላ መሰል ነገር ተዘርግቶ፣ ከፊት ሕፃናት አበባ እየበተኑ፣ ሕዝቡ መንገድ ዳር ተንበርክኮ። እትዬ አስካለ ሻይውን ጠረጴዛ ላይ አኑረው ብድግ አሉና እልል አሉ። ለቴሌቪዥን። የጎረቤቱ ውሻ መጮህ ጀመረ።

«ታቦት ያወጣሉ! ፈለቀ፣ ታቦት ያወጣሉ!»

«ታቦት አይመስለኝም፤ ካቶሊኮች ናቸው…» አልኩ።

«ዝም በይ አንቺ፣ እዚህ ላይስ ትህትናሽ በዛ።»

ነገሩ ሁሉ እንግዲህ ወደ ሠርግ እያመራ ነበር። ዛፍ በስተው ጭማቂውን በባልዲ አጠራቅመው ሲያፈሉት፣ ማር ሲመስል በበረዶ ላይ አፍስሰው በእንጨት ጠቅልለው ሲልሱት፣ ጋሼ ንጉሤ «ይኼ የጾም ነው» ብለው አጸደቁት። ወዲያው ተከትሎ አንድ አሳማ በሰፊ ድስት ላይ ታየ። እትዬ አስካለ ዓይናቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ጋሼ ንጉሤ ጣሪያውን አዩ። «አለፈ?» «አላለፈም።» «አሁንስ?» «እየበሉት ነው።» በዐቢይ ጾም የፔልቲዬን አሳማ ላለማየት ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንገታቸውን ሲጠመዝዙ፣ ጋሼ ፈለቀ ብቻ ጥግ ላይ እንደተቀመጡ ስክሪኑን አልለቀቁትም። ከመጀመሪያው አንድም ነገር አልተናገሩም ነበር። ጭንቀት ነው ብዬ አዘንኩላቸው።

የመጀመሪያው ደመና የመጣው ሴቶቹ ድውር ይዘው ሸማ መሥሪያ ላይ ሲቀመጡ ነው። ጋሼ ንጉሤ ከሶፋው ቀና አሉ።

«ምን እየሠሩ ነው?»

«ብርድ ልብስ» አልኩ፤ ገምቼ።

«ይሸምናሉ?»

«ለቤታቸው ነዋ» አሉ እትዬ አስካለ ፈጥነው። «ብርዱን አታይም? ሱቅ የት አለና።»

«ለቤት ከሆነ እሺ» አሉ ጋሼ ንጉሤ፤ ግን አልተመለሱም ወደ ትራሱ። ከዚህ ወዲህ እጅ ነበር የሚያዩት፤ ሰው ሲመጣ ፊቱን ሳይሆን እጁን። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ በአሮጌው ሚዛን በእጁ የሚያድር ሰው፣ ሸማኔውም፣ ሸክላ ሠሪዋም፣ ከሁሉም በላይ ብረት ቀጥቃጩ፣ ማጭድህን ይሠራልሃል፣ ማረሻህን ይሠራልሃል፣ ልጅህን ግን አትሰጠውም። ቡዳ ነው ይባላል። ማረሻ የሠራልህን ሰው ቡዳ ብለህ በሠራልህ ማረሻ አርሰህ ትበላለህ። ይህ ሚዛን ባሕር ተሻግሮ ኮለምበስ የገባው በየትኛው ሻንጣ እንደሆነ አላውቅም። ፍተሻ ላይ እንዴት አለፈ?

እንደፈራሁትም ቀጥሎ ጨለማ የመሰለ ቤት፣ በር ላይ የታሰረ ፈረስ፣ ጎንበስ ብሎ የፈረሱን እግር ጭኑ ላይ ያኖረ ባለ ሽርጥ ሰውዬ ታየ። ሙዚቃው ጸጥ አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል ያልያዝኩለት ተራኪ፣ ልክ የኔን መከራ እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ ዝግ ብሎ፣ ጥርት አድርጎ፣ እንደ ካሴቱ ሰውዬ ተናገረ። «ሙሴ ፔልቲዬ፣ የመንደሩ አንጥረኛ።»

ከፊልሙ ሁሉ የገባኝ ዓረፍተ ነገር ይኸው ነው። «ሙሴ» ማለት «አቶ» ነው። የሙያ ስሞችን አንደኛ ዓመት ላይ ተምረናል። ዳቦ ጋጋሪ፣ ሐኪም፣ አንጥረኛ። ፈተናም ላይ መጥቷል፤ አግኝቼዋለሁ።

«ምን አለ?» አሉ ጋሼ ንጉሤ።

የትዕግሥት «አደራ» ትዝ አለኝ። አልሰማሁም ልበል? ብልም «ትሁት ናት፣ ሰምታለች» ነው የሚሉት። ሐሙስ ዕለት የተናገርኩት እውነት ዛሬ የምናገረውን ውሸት ሁሉ ዘግቶብኛል። እውነትን ሳልነካ ዙሪያዋን ለመሄድ ሞከርኩ።

«የፈረስ… የፈረስ ጎማ የሚቀይር ሰው ነው» አልኩ።

ጋሼ ንጉሤ ፊታቸው በራ። «መካኒክ!»

«እንደዚያ… የዚያን ጊዜ…»

«ጋራዥ ነዋ! አየሽ አስካለ፣ ፈረሱን ሊፍት ላይ የሰቀለው ነው የሚመስለው። ባለሙያ ነው፤ አያያዙን እይው። እግዜር ይባርከው!»

ለአንድ አፍታ ያህል የዲፕሎማሲ ሊቅ ነበርኩ። ያ አፍታ ሳያልቅ ሰውዬው ወደ ምድጃው ዞረ፣ ወናፉን ሁለት ሦስቴ ገፋ፣ የጋለ ብረት በመቆንጠጫ አወጣና በመዶሻ ይወቅጠው ጀመር። ፍንጣሪው ስክሪኑን ሞላው።

«ፖዝ አድርጊው» አሉ ጋሼ ንጉሤ።

ፖዝ አደረግኩት። መዶሻው አየር ላይ ቆመ።

«ይኼ ወናፍ ነው። እኔ ወናፍ አላውቅም ብለሽ ነው?»

«አይ ጋሼ…»

«ስሙን ጠርቷል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ 'ሙሴ' ብሏል፣ የቀረውን ነው ያልያዝኩት። ማን አለ?»

አስቡልኝ። ጥርሴን ነክሼ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ፣ ጫማዬን አየሁ፣ ቆሎውን አየሁ። ከዚያ በሕይወቴ ጮክ ብዬ ተናግሬ የማላውቀው ዓይነት ድምፅ ከውስጤ ወጣ።

«ፔልቲዬ ነው ያለው። አንጥረኛው ፔልቲዬ። የሉክ አያት እሱ ነው።»

ጋሼ ንጉሤ በዝግታ ማስካቸውን ከአገጫቸው ወደ አፍንጫቸው አወጡት፤ ቡዳነት በትንፋሽ እንደሚተላለፍ ሁሉ።

«እንግዲህ» አሉ ከማስኩ ውስጥ። «ቀጥቃጭ ነው። በቃ። ፈለቀ፣ ሰምተሃል። ለልጅቷ በጥሩ ቃል ይነገራት፤ ሌላ ይመጣል።»

ያን ጊዜ እትዬ አስካለ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «አንተስ?»

«እኔስ ምን?»

«ሞርስ ሮድ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትቀጠቅጥ ነው የምትውለው? ሊጥ?»

«እኔ ቢዝነስ ነው ያለኝ!»

«በጥፍርህ ውስጥ ያለው ጥቁርስ ቢዝነስ ነው? ባለፈው የመኪናዬን የፊት መከላከያ በመዶሻ ስትደልቀው ሠፈሩ ሁሉ ሰምቷል። አላቀናኸውም እንጂ።»

«አስካለ፣ ነገር አታዛባ… አታዛቢ! ይኼ ዘር ነው፣ ያኛው ሥራ ነው!»

ሁለቱ በመከላከያው ጉዳይ ገጠሙ። ሰዓቱ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነው። እኔ መዶሻው አየር ላይ እንደቆመ ቆሜ፣ ትዕግሥት ሞንትሪያል ሆና ስልኳን ስታይ፣ በአንድ ቃል ትዳሯን እንዳፈረስኩባት አስባለሁ። አንደኛ ዓመት ላይ ያንን ምዕራፍ ብዘለው ምን ነበረበት?

«ልጄ» አሉ ጋሼ ፈለቀ። ሁላችንም ዞርን። ድምፃቸውን ከዘጠኝ ሰዓት ወዲህ መስማታችን ነው። «እስቲ ልቀቂው።»

ለቀቅኩት። ሁለቱ ተከራካሪዎችም አፋቸውን ከፍተው ወደ ስክሪኑ ዞሩ። የብረቱ ድምፅ ጥቂት ቀጠለ። ከዚያ በሩ ላይ አንዲት ሴት ታየች፤ ካፖርቷ ላይ በረዶ አለ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ምሳ ይዛለች። ሰውዬው መዶሻውን አስቀመጠ። ቤቱ ውስጥ ያለችው አንዲት ወንበር ብቻ ናት። በሽርጡ ጥግ ጠረጋት፣ ሴትዮዋን አስቀመጣት፣ ቋጠሮዋን ተቀብሎ ራሱ ቆሞ በላ። እሷ እግሯን ወደ እሳቱ ዘረጋች። በቃ፤ ፊልሙ ወደ ዓሣ አጥማጆች ሄደ። ተራኪውም አንድ ነገር አልተናገረበትም።

«ደግመሽ አሳዪኝ» አሉ ጋሼ ፈለቀ። ደገምኩት። ወንበሯን ሲጠርግ በጣታቸው ስክሪኑን ጠቆሙ። «እሱን ነው የፈለግኩት።»

«ምኑን?» አሉ ጋሼ ንጉሤ።

«ልጄ በስልክ ብርድ ነው ትለኛለች። ብርዱን እኔ አላጠፋላትም። ደክማ ስትገባ የሚነሣላት ሰው አለ ወይ የሚለውን ነው የማጣራው እኔ። አንተ መዶሻውን አየህ።»

«ፈለቀ፣ የተነሣው እኮ አያቱ ነው! ልጁ መች ተነሣ?»

«ዘር ነው ስትል አልነበር ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ?»

ጋሼ ንጉሤ አፋቸውን ከፈቱ፤ በማስኩ ምክንያት መከፈቱ ብቻ ነው የታየን። ከዚያ ማስኩን አወረዱት። ለረጅም ጊዜ ቆሎ ቆረጠሙ። በመጨረሻም ለማንም ሳይሆን ለሳህኑ፣ «ለነገሩ የመዶሻ አያያዙ የባለሙያ ነው» አሉ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቪዲዮው ተደወለ። ትዕግሥት ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች፤ ዓይኗ አባቷን አልፎ ቀጥታ እኔን ፈለገኝ። የማደርገው ጠፍቶኝ ከመጋረጃው ጋር ተመሳሰልኩ። አጠገቧ ሉክ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተቀምጧል።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለ በአማርኛ፤ ሲለማመዳት እንደከረመ ያስታውቃል።

ጋሼ ፈለቀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሉክ። ዩር ግራንድማዘር፣ ሺ ሲት። ግራንድፋዘር፣ ሂ ስታንድ። ጉድ።»

ሉክ ወደ ትዕግሥት ተመለከተ። ትዕግሥት ወደ አባቷ።

«ያቺ ምሳ ያመጣችው አያቱ ናት ወይ በይው» አሉ በአማርኛ።

ጠየቀችው። ልጁ ራሱን ነቀነቀና አንድ ነገር በፈረንሳይኛ ተናገረ፤ ማንም እንድተረጉም ሳይጠይቀኝ ትዕግሥት ቀደመችኝ። «አዎ፣ አያቱ ናት። ወንበሯ ዛሬም እናቱ ቤት አለች ይላል። ማንም አይቀመጥባትም፤ የሷ ናት።»

«አንቺ ስትሄጂ ተቀመጪባት» አሉ ጋሼ ፈለቀ። «እግዚአብሔር ይባርካችሁ። ፈቅጃለሁ።»

እትዬ አስካለ የዕለቱን ሁለተኛ እልልታቸውን አቀለጡት፤ የጎረቤቱ ውሻ አሁንስ ለመደው መሰለኝ ዝም አለ። ትዕግሥት አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች። ጋሼ ንጉሤ በስልኩ ካሜራ ውስጥ ግማሽ ፊታቸውን አስገብተው ሉክን በእንግሊዝኛ ይመረምሩታል፤ አያቱ ብረቱን በውሃ ነው የሚያጠነክረው ወይስ በዘይት?

ስንወጣ ጋሼ ፈለቀ በር ላይ ያዙኝ። «ልጄ፣ ደከምሽ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አብዛኛው አልገባኝም ነበር፤ እውነቴን ነው። ደግሞ ያንን ቃል ባልናገር…»

«የትኛውን?»

«አንጥረኛ ያልኩትን።»

እጃቸውን ወደ ግራ ጆሯቸው አደረጉ። «እኔ በዚህኛው አልሰማም፤ የአውሮፕላኑ ድምፅ ጨርሶልኛል። በዚህ በኩል ቆመሽ ስትናገሪ ነው የዋልሽው። ነይ ተሻገሪ እንዳልልሽ ደግሞ አፍሬ። አንድም አልሰማሁሽም እኮ።» ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ግን ሲያዩሽ ጥሩ አስተርጓሚ ትመስያለሽ።»

በመኪና ስንመለስ እትዬ አስካለ ስልካቸውን ከጆሯቸው አላወረዱም። በኢስትሙር ሠፈር የትራፊክ መብራት ሁሉ ላይ ስንቆም አንድ ሌላ ሰው ስለ እኔ ይሰማል። «አንድ ቃል አላመለጣትም! ስሙን ከነሙያው ነው የለቀመችው! ጠይቋት፣ 'ትንሽ ትንሽ' ነው የምትላችሁ…»

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በኮቪዱ ምክንያት በተራ ነበር የሚገባው፤ ተራው የእትዬ አስካለ ስለነበር እኔ ቤት ቀረሁ። ሻይ አፍልቼ፣ ላፕቶፑን ከፍቼ፣ ፊልሙን ከወንዙ ጀመርኩት። ድምፁን ዘጋሁት። ስልኬ የማላውቀው ቁጥር ይዞ መጥራት ጀመረ፤ ሌላ አስተርጓሚ ፈላጊ መሆን አለበት ብዬ እሱንም ዘጋሁትና ተቀመጥኩ።